ሦስት ሰከንድ፤ የሜትር ልክ ሲወሰን የተሰወረው ስህተት

ጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በተቆረጠ ሜትሮ የሚሠራ አናጢ አንድን ጣውላ አሥር ጊዜ ቢለካ አሥሩም ልኬቶች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። አናጢው ጠንቃቃ በሆነ መጠን ስምምነታቸው እየጠበቀ ይሄዳል፤ ጣውላው ግን ለበሩ ልክ ሳይሆን ይቀራል። በዚህ ተራ ምሳሌ ውስጥ የልኬት ሳይንስ ብዙ የደከመበት ልዩነት ይገኛል። ልኬቶች እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡበት ደረጃ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከእውነተኛው መጠን ጋር የሚቀራረቡበት ደረጃ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ያህል የመጀመሪያው «ተቀራራቢነት»፣ ሁለተኛው «ትክክለኛነት» ይባል። ስህተትም በዚያው መጠን ሁለት መልክ አለው። አንዱ ድንገተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ስለሚወላውል ልኬቱን በመደጋገምና አማካዩን በመውሰድ ይቀንሳል። ሌላው ቋሚ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ሺህ ጊዜ ቢደጋገምም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ይህ ትምህርት ዛሬ ለማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የላቦራቶሪ ሥራ ይሰጣል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግን በአውሮፓ ከታወቁት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ፒየር ሜሼን የሁለቱን ስህተቶች ልዩነት የሚያስረዳው ሰው ባለማግኘቱ አሥር ዓመት ያህል በኅሊና ጭንቀት ኖረ፤ ምስጢሩንም ይዞ ሞተ። ሜሼን ሲለካ የነበረው ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም። ኋላ ለዓለም ሁሉ መለኪያ የሆነውን ሜትርን ለመወሰን የሚያስፈልገውን ልክ ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአብዮቱ በፊት በፈረንሣይ አገር እያንዳንዱ አውራጃ፣ አንዳንድ ጊዜም እያንዳንዱ የገበያ ከተማ የራሱ መለኪያ ነበረው። ክንድና ስንዝር ከለኪው ቁመት ጋር በሚረዝሙበትና በሚያጥሩበት፣ ጋሻ መሬትም ከቦታ ቦታ በሚለያይበት አገር ላደገ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ብዙ ድካም አይጠይቅም። በመጋቢት 1791 ብሔራዊው ሸንጎ የሳይንስ አካዳሚውን ሐሳብ ተቀብሎ አዲሱ የርዝመት መለኪያ ከምድር ራስዋ እንዲወሰድ ወሰነ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው የሜሪድያን ርዝመት አሥር ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍል «ሜትር» ይባላል ማለት ነው። መለኪያው የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ አገር ንብረት እንዳይሆን ታስቦ ነበር።

ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ሄዶ መለካት ስለማይቻል ከሰሜን ፈረንሣይ የባሕር ዳርቻ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለው፣ ከ9 ዲግሪ ተኩል የሚበልጠው ቅስት ተመረጠ። ሥራው ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ የቅስቱ ርዝመት ከተራራ ወደ ተራራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወደ ጉልላት በተያያዙ ጎነ ሦስቶች ይሰላል፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ በመሣሪያ ይለካሉ፣ ከጎኖቹ ግን በመሬት ላይ በዘንግ የሚለኩት ሁለት የመነሻ መስመሮች ብቻ ናቸው። ከዚያም በሁለቱ ጫፎች ኬክሮስ ከከዋክብት ይወሰዳል። የሜሪድያን አንድ ሰከንድ በመሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በጫፉ ኬክሮስ ላይ የሚደርስ ስህተት በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል።

ሰሜኑን ክፍል ከደንከርክ እስከ ሮዴዝ ዣን-ባፕቲስት ደላምብር፣ ደቡቡን ከሮዴዝ እስከ ባርሴሎና ሜሼን ተረከቡ። ሁለቱም በሰኔ 1792 ከፓሪስ ተነሡ። ሜሼን በዚያን ጊዜ 47 ዓመቱ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ለሥራው እጅግ የሚጠነቀቅ፣ በርካታ ጅራታም ኮከቦችን በማግኘት ስም ያተረፈ ሰው ነበር። እምነታቸውን የጣሉት ሻርል ደ ቦርዳ ባቀደውና ለኑዋር የተባለው ባለሙያ በሠራው ደጋሚ ክብ በተባለው አዲስ መሣሪያ ላይ ነበር። መሣሪያው በአንድ የተመረቀ ክብ ላይ የተገጠሙ ሁለት መነጽሮች አሉት። ለኪው አንዱን ማዕዘን ከለካ በኋላ ክቡን ወደ መነሻው ሳይመልስ ያንኑ ማዕዘን እንደገና በላዩ ይደምራል፤ አሥርም ሃያም ጊዜ ደምሮ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ያነብና በቁጥሩ ያካፍላል። በክቡ ላይ ያሉት ጭረቶች ጉድለትና የዓይን ስህተት በዚህ ብልሃት እየተከፋፈሉ ያንሳሉ። በጊዜው ከዚህ የላቀ መሣሪያ አልነበረም፤ እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ለመለካት ይበቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ድንገተኛውን ስህተት ለማጥፋት የተፈለሰፈ መሣሪያ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ስለ ቋሚው ስህተት ማንም አላሰበም፤ ብዙ ጊዜ መድገም በቂ መስሎ ነበር።

ደላምብር ያየው መከራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አብዮቱ በተፋፋመበት ወራት በኮረብታና በጉልላት ላይ መነጽር ደግኖ ሩቁን የሚመለከት ሰው ሰላይ እንጂ ሊቅ አይመስልም ነበርና ደጋግሞ ተያዘ። በ1794 መጀመሪያ ከነቦርዳ፣ ከነላፕላስና ከነላቩዋዝየ ጋር ከኮሚሽኑ ተሰናበተ፤ ላቩዋዝየ በዚያው ዓመት በግንቦት አንገቱ ተቀላ። ደላምብር ግን ተርፎ በ1795 ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሜሼን በበኩሉ ጅምሩ ተቃንቶለት ነበር። የባርሴሎናን አካባቢ ጎነ ሦስቶች ከረዳቱ ከትራንሾ ጋር ለክቶ እንደጨረሰ፣ የ1792ን ክረምት ከከተማዋ በላይ በሚገኘው በሞንጁይክ ምሽግ ውስጥ ከዋክብትን በመመልከት አሳለፈ። በመቶ የሚቆጠሩ ምልከታዎችን አደረገ፤ ውጤቶቹም በደንብ ይስማሙ ነበር። በመጋቢት 1793 ግን ፈረንሣይ በስፔን ላይ ጦርነት አወጀች። በዚያው ጸደይ ከአንድ ሐኪም ወዳጁ ጋር ከከተማ ውጭ የውሃ መሳቢያ መኪና ሊያይ ሄዶ መዘውሩ ስለ መታው ደረቱ ተደቆሰ፤ ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ከሞት ተርፎ ሲነሣ ደግሞ የስፔን የጦር አዛዥ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ከለከለው። የጠረፉን ተራሮች ማዕዘን በደብተሩ የያዘ ሰው በጦርነት ጊዜ እንዲወጣ መፍቀድ ለየትኛውም አዛዥ የሚከብድ ስለሆነ በዚህ መውቀስ ያስቸግራል።

እንግዲህ ሜሼን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ስለ ነበረ፣ የሚቀጥለውን ክረምት በከተማው ውስጥ ፎንታና ደ ኦሮ በተባለ ሆቴል ሰገነት ላይ መሣሪያውን ተክሎ ኬክሮሱን እንደገና መለካት ጀመረ። ግዴታ ኖሮበት አልነበረም፤ የሞንጁይኩ ውጤት ተሟልቶ ወደ ፓሪስ ተልኮ ነበር። ሆቴሉና ምሽጉ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በትንሽ ጎነ ሦስት ካገናኘ በኋላ የሆቴሉን ኬክሮስ ወደ ሞንጁይክ ሲያዛውረው ሁለቱ ውጤቶች ከ3 ሰከንድ በላይ ተለያይተው ተገኙ። በመሬት ላይ ሲታሰብ 100 ሜትር ያህል ማለት ነው።

ልዩነቱ ባሕር ላይ ለሚጓዝ መርከበኛ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለሜሼን ግን መብረቅ ነበር። በሞንጁይክ የተደረጉት ምልከታዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነበር፤ በሆቴሉ የተደረጉትም እንዲሁ። በየቡድናቸው እንዲህ የሚስማሙ ቁጥሮች ቡድን ከቡድን ሲተያዩ ሦስት ሰከንድ እንዴት ይራራቃሉ? ተራሮች ቱምቢን ወደ ራሳቸው እንደሚስቡ ያውቅ ነበር፤ ቡጌ በ1738 በአንዲስ ተራሮች፣ ማስከሊን በ1774 በስኮትላንድ ይህንኑ ፈትነው ነበር። ነገር ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚራራቁ ቦታዎች መካከል ያን ያህል ልዩነት በተራራ ስበት ማሳበብ ያስቸግራል። የብርሃን በአየር ውስጥ መታጠፍንም መረመረ፤ እርሱም አልበቃም። የቀረው ራሱን መክሰስ ብቻ ሆነ። ወደ ሞንጁይክ ተመልሶ ምልከታውን እንዳይደግም ደግሞ ምሽጉ ለጠላት አገር ሰው ተዘግቷል።

በዚህ ጊዜ ሜሼን የሞያ ዘመኑን ሁሉ ያበላሸውን ውሳኔ አደረገ፤ ለማንም ሳይናገር ቀረ። ለትራንሾም፣ ለቦርዳም፣ ለደላምብርም አልገለጸም። በ1794 ከስፔን ወጥቶ ወደ ጄኖቫ ሄደ፤ ከዚያ በ1795 ወደ ፈረንሣይ ደቡብ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ እጁ ግን ከበደ። ደላምብር ሰሜኑን እየጨረሰ ወደ እርሱ ሲጠጋ ሜሼን ጥቂት በቀሩት ጣቢያዎች ላይ ወራትንና ዓመታትን ፈጀ። ለጓደኛው የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች በጸጸትና በተስፋ መቁረጥ የተሞሉ ነበሩ፤ ምክንያቱን ግን አይጠቅሱም። በመጨረሻ በ1798 ሚስቱ ከፓሪስ ድረስ ተጉዛ ሮዴዝ አጠገብ አግኝታ ሥራውን እንዲፈጽም አበረታታችው።

በዚያው ዓመት ደላምብር ሁለቱን የመነሻ መስመሮች፣ አንዱን በፓሪስ አጠገብ በሜለን፣ ሌላውን በደቡብ በፔርፒኛን፣ በፕላቲነም ዘንጎች ለካቸው። ሁለቱ መስመሮች ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ከሜለን ተነሥቶ በጎነ ሦስቶቹ ሰንሰለት የተሰላው የፔርፒኛን መስመር ርዝመት በመሬት ላይ ከተለካው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከአንድ ጫማ ያነሰ ሆነ። 12 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ መስመር ይህ በዘመኑ ያልታየ ስምምነት ነበር፤ የሜሼን ማዕዘኖችም በሰንሰለቱ ውስጥ ድርሻ ይዘዋል። እርሱን እንደ ደካማ ለኪ ማየት የሚወዱ ጸሐፊዎች ይህን ሊዘነጉት አይገባም።

ውጤቱን ለመመርመር ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ ሊቃውንት በፓሪስ ተሰበሰቡ። ደላምብር ደብተሮቹን በፊታቸው ዘረጋ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በተለካበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ነበር። ሜሼን ግን ቀጠሮ እያራዘመ ቆይቶ በመጨረሻ ደብተሩን ሳይሆን ተጣርቶ የተጻፈ ሰንጠረዥ አቀረበ። የሆቴሉን ኬክሮስ ከነአካቴው አላነሣውም። ሊቃውንቱ በቁጥሮቹ ውበት ተደንቀው አመሰገኑት፤ ኋላም የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ሥራ በእጁ ሆነ። አንድ ሰው በተሳሳተ ቁጥር የተነሣ ሲመሰገን የሚሰማውን ለመገመት ትልቅ ምናብ አያስፈልግም።

ሜትር በቀድሞው የፈረንሣይ መለኪያ 443.296 ሊኝ እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚሁ ልክ የተሠራው የፕላቲነም ዘንግ ሰኔ 22 ቀን 1799 በቤተ መዛግብት ተቀመጠ። ዛሬ የምድር ልክ በሰው ሠራሽ ሳተላይት ጭምር ስለሚታወቅ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10,000 ሳይሆን 10,002 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሜትሩ መሆን ከሚገባው በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሯል ማለት ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ዘማቾቹ ከመመለሳቸው በፊት በቀድሞ ልኬቶች ላይ ተመሥርቶ በ1793 የወጣው ጊዜያዊ ሜትር 443.44 ሊኝ ስለነበረ፣ ለእውነተኛው የምድር ልክ ከኋለኛው ይልቅ ይቀርብ ነበር። ሰባት ዓመት ተደክሞ ልኩ ራቀ።

ለዚህ የሜሼን ሦስት ሰከንድ ዋናው ተጠያቂ አይደለም። ሦስት ሰከንድ በጠቅላላው ቅስት ላይ ሲደለደል አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ በአንድ ሜትር ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ይልቅስ ትልቁ እንከን በምድር ቅርጽ ላይ የነበረው እምነት ነው። የፈረንሣዩ ቅስት ብቻውን ሲሰላ ምድር በዋልታዎቿ በ150 አንድ ያህል የተደፈጠጠች አስመሰላት፤ በፔሩ ከተለካው ከቀድሞው ቅስት ጋር ሲነጻጸር ግን በ334 አንድ ሆነ። ሊቃውንቱ ሁለተኛውን መረጡ። ዛሬ የታወቀው በ298 አንድ ነው። ምድር ሒሳብ እንደሚፈልጋት የተስተካከለች ሳትሆን በየቦታው ጎበጥ ሰርጎድ ያለች መሆንዋን ያሳየው ይኸው ልኬት ነበር። ልኬቱ ከቀደሙት ሁሉ የላቀ ተቀራራቢነት ባይኖረው ኖሮ ያን ለመገንዘብም ባልተቻለ።

ሜሼን ግን ይህን አላየም። ዕረፍት ስላጣ ቅስቱን ወደ ባሌአሪክ ደሴቶች ለማራዘም እንዲላክ ለመነ። ሐሳቡም ግልጽ ነበር፤ ቅስቱ ወደ ደቡብ ከተራዘመ የባርሴሎና ኬክሮስ የመጨረሻ ጫፍ መሆኑ ይቀርና ስህተቱ በዝምታ ይረሳል። በ1803 ወደ ስፔን ተመለሰ። በቫሌንሲያ ባሕር ዳርቻ ረግረግ ውስጥ ሲሠራ ወባ ይዞት መስከረም 20 ቀን 1804 በካስቴዮን ሞተ። ደሴቶቹን ከቅስቱ ጋር የማገናኘቱን ሥራ ኋላ ቢዮና አራጎ ፈጸሙት።

የሟቹ ወረቀቶች በደላምብር እጅ ገቡ። ደላምብር የዘመቻውን ታሪክና ስሌት በሦስት ትላልቅ ቅጾች ከ1806 እስከ 1810 ባለው ጊዜ ሲያሳትም የጓደኛውን ደብተሮች በየገጹ መመርመር ነበረበት። ያገኘው ነገር አሳዘነው። ብዙው በተበታተነ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሮች ተፍቀው በላያቸው ሌላ ተጽፏል፤ አንዳንድ ማዕዘኖች ጎነ ሦስቱ በተሻለ እንዲዘጋ ጥቂት ተስተካክለዋል፤ ከሌሎቹ ጋር የማይስማሙ ምልከታዎችም ተትተዋል። የሆቴሉ ውጤትም እዚያው ነበር። ደላምብር የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እየፈለገ በቻለው መጠን መለሳቸው፤ ደብተሮቹንም ከራሱ ማስታወሻ ጋር በመመልከቻው ቤተ መዛግብት አስቀመጣቸው። ጓደኛውን በአደባባይ አላዋረደም፤ ለኋለኛው ተመራማሪም መንገዱን አልዘጋም። ሁለቱን በአንድነት መጠበቅ ቀላል አልነበረም።

የመስክ ደብተር የያዘ ማንኛውም ቀያሽ በዚህ ቦታ ቆም ማለቱ አይቀርም። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው በአጠገቡ ይጻፋል የሚለው ደንብ ለወጣት ቴክኒሻኖች አንዳንድ ጊዜ የቢሮ ሥርዓት ብቻ ይመስላቸዋል። ከልክ በላይ አምሮ የተዘጋ የቅየሳ ዙር ሲቀርብለት አለቃው ደስ ከመሰኘት ይልቅ ደብተሩን አምጣ የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሜሼን አታላይ አልነበረም፤ ያስተካከላቸው ልዩነቶች እጅግ ጥቃቅን ነበሩ፤ ያንንም ያደረገው ስሙን ለመጠበቅ ሲል ነበር። ያጠፋው ነገር ቢኖር ጓደኞቹ ሊፈቱት ይችሉ የነበረውን ጥያቄ ከእነርሱ መሸሸጉ ነው።

የጥያቄው መፍትሔ ደግሞ በገዛ ደብተሩ ውስጥ ነበር። በ1828 ዣን ኒኮላ ኒኮሌ የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የታተሙትን ምልከታዎች ወስዶ በሌላ መንገድ አቀናጃቸው። ኮከብ ከሰማይ አናት ያለው ርቀት ሲለካ መሣሪያው ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ የውሃ ልኩ ወይም ዘንጉ በአገልግሎት ብዛት ጥቂት ከተዛባ፣ ርቀቱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን በዝቶ ወይም አንሶ ይነበባል። ይህ መዛባት ከሰማይ አናት በስተ ሰሜን በሚያልፍ ኮከብ ሲለካ ኬክሮሱን ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ በስተ ደቡብ በሚያልፍ ኮከብ ሲለካ በዚያው መጠን ከፍ ያደርገዋል። የሁለቱ አማካይ ሲወሰድ ስህተቱ ይጠፋል። ሜሼን የተመካው በአብዛኛው በሰሜን ወገብ ባሉ፣ በዋልታው ኮከብ አካባቢ በሚዞሩ ከዋክብት ላይ ነበር፤ እነርሱንም በደጋገመ ቁጥር ስህተቱ አብሮ ተደገመ። ከደቡብ ወገንም ጥቂት ከዋክብትን መመልከቱ አልቀረም፤ ሚዛን ሳይሰጣቸው ቀረ እንጂ። ኒኮሌ ለሁለቱ ወገን እኩል ሚዛን ሰጥቶ ሲያሰላ የሞንጁይክና የሆቴሉ ኬክሮሶች ተቀራረቡ፤ ያ ሁሉ ልዩነት አብዛኛው ጠፋ።

የዛሬ ቀያሽ በቴዎዶላይት አንድን ማዕዘን አንድ ጊዜ በግራ ፊት፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ፊት ለክቶ አማካዩን የሚወስደው በዚሁ ሥርዓት ነው። መሣሪያው እንከን የለበትም ብሎ አይነሣም፤ እንከኑ በሁለቱ ፊቶች ተቃራኒ ምልክት ይዞ እንዲወጣና ራሱን በራሱ እንዲያጣፋ ያደርጋል እንጂ። ድንገተኛውንም ስህተት በሒሳብ የሚገዛው ዘዴ ከዚሁ ቅስት ጋር የተያያዘ ነው። ለዣንድር የካሬ ድምር ማሳነሻን ስልት በ1805፣ ማለት ሜሼን በሞተ በዓመቱ፣ ሲያሳትም ለምሳሌ የተጠቀመው በእነዚሁ ሰዎች የተለካውን የሜሪድያን ቅስት ነበር፤ በ1809 ደግሞ ጋውስ ለዚሁ ስልት በዕድል ስሌት ላይ የቆመ መሠረት ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ለኪ ሁሉ ከቁጥሩ ጎን የስህተቱን መጠን እንዲጽፍ ተጠየቀ።

የሜትሩ ነገር ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። ምድርን እንደገና በለኩ ቁጥር የዓለምን ዘንጎች ሁሉ መቀየር የማይቻል ስለሆነ በ1799 የተሠራው ዘንግ ከነጉድለቱ ልክ ሆኖ ቀረ። በ1889 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ዘንግ የተሠራው እርሱን ተከትሎ ነው፤ በ1960 ሜትር በክሪፕቶን ብርሃን ሞገድ ሲተረጐም፣ በ1983 ደግሞ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ በባዶ ቦታ የሚጓዘው ርቀት ነው ሲባልም ቁጥሮቹ የተመረጡት ያው ርዝመት እንዳይናጋ ተብሎ ነበር። የሁለቱ ዘማቾች ደብተሮችም ደላምብር በፓሪስ መመልከቻ ቤተ መዛግብት ካኖራቸው ወዲህ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ክፍት ሆነዋል፤ ደላምብር በሜሼን ገጾች ኅዳግ ላይ በገዛ እጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ሳይቀሩ ይታያሉ።